የሠላሳ ሁለቱ ጭራቆች ባለቤት፣ ወይዘሮ እየሩስ እንግዳ

ወይዘሮ እየሩስ እንግዳ ከአባታቸው ከአቶ እንግዳ አዲሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ቃለጽድቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም. በጎጃም ሞጣ ከተማ ተወለዱ። የበኩር ልጅ ስለነበሩ ክርስትና የተነሡት በትልቅ ድግስ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለተወለደችው ለዲና ግን አልተደገሰም፤ ያ ዓመት አዝመራው ከፍቶ ነበር ይባላል። ይህን ታሪክ የጻፈችውም፣ አሁን በዚህ ለቅሶ ቤት ቆማ የምታነበውም ይህችው ታናሽ እህታቸው ዲና ናት። ሌላ ሰው ቢያነበው ያልጣመውን ይዘላል ብላ ስለሰጋች ወረቀቱን ለማንም አልሰጠችም።

ወይዘሮ እየሩስ እስከ አሥረኛ ክፍል በሞጣ ተማሩ። በትምህርታቸው ደህና ነበሩ፤ ሥዕል ግን ጨርሶ አይሆንላቸውም ነበር። ላም ሲሥሉ አህያ፣ አህያ ሲሥሉ ጠረጴዛ ይመስላል። በሥዕል በየዓመቱ አንደኛ ትወጣ የነበረችው ዲና ናት። ይህ እዚህ የገባው ለጉራ አይደለም፤ የኋላውን ለመረዳት ስለሚያስፈልግ ነው። ትንሽ ለጉራም ነው።

በ2002 ዓ.ም. ወደ ሪያድ መጥተው በሱለይማኒያ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። አሠሪያቸው፣ ማለትም ከፊላቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ኢቃማውን በጊዜው የሚያሳድሱ፣ ደመወዝ የማያቆዩ ሰው ነበሩ፤ በዚህም ስንቶቻችን እንደቀናንባቸው እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። በ2007 ዓ.ም. ዲናን አስመጥተው በሙረባዕ በአንድ የዓባያ ስፌት ቤት አስቀጠሯት። በ2008 ዓ.ም. በዐዚዚያ የጭነት መኪና ከሚያሽከረክሩት ከአቶ ካሳሁን ጋር ጋብቻ መሠረቱ፤ በ2010 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን ሮማንን ወለዱ። ካገቡ በኋላ ማደሪያቸውን ለይተው፣ በዚያው ቤት ቀን ቀን መሥራታቸውን ቀጠሉ።

አሁን ስማቸውን ወዳስጠራው ሥራ እንምጣ። የአሠሪያቸው ልጅ መርዋን ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ከአራት ጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው አንድ ጨዋታ ነበረው። አንዱ ተረቱን ይናገራል፤ የቀሩት ጀግና ሆነው በተረቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ባለ ቁጥሩን ዳይ እየጣሉ፣ ወረቀት ላይ እየጻፉ ከሚመጣባቸው ጭራቅ ጋር ይዋጋሉ። ተራኪው መርዋን ነበር፤ ጭራቆቹንም ከተገዛ መጽሐፍ ያመጣል። በ2012 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ሻይ ይዘው የገቡት ወይዘሮ እየሩስ ሥዕሉን አይተው፣ “ይሄ ምን ይበላል?” አሉ። ማንም አላወቀም። “የሚበላውን የማታውቁትን አውሬ እንዴት ትፈሩታላችሁ?” ቢሉ ልጆቹ ሳቁ። መርዋን ግን አልሳቀም። ባዶ ካርድ አቀብሏቸው፣ “ያላ ያ እየሩስ፣ እስቲ አንቺ አንድ አምጪልን” አላቸው።

በሳምንቱ የአቧራ እናትን ይዘው መጡ። ይህች ጭራቅ ሪያድ በአቧራ ስትሸፈን በመስኮት ስንጥቅ ትገባለች፤ የሚያጸዳ ሰው ትከሻ ላይ ትቀመጣለች። በመጥረጊያም በሰይፍም በመቷት ቁጥር ታብጣለች። የምትሸነፈው ሁሉም ሥራውን ትቶ አርፎ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተዋጓት። በመጨረሻ አንደኛው “ደከመኝ፣ የኔ ሰውዬ ይቀመጥ” ሲል የአቧራ እናት አንድ ክንድ አነሰች፤ ያን ጊዜ የቤቱ ጩኸት እስከ መንገድ ተሰማ። ወይዘሮ እየሩስ ይህን ለእህታቸው በስልክ ሲነግሩ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ዲና “ጎሽ” አለች። ወዲያው ግን ሥራ አለብኝ ብላ ስልኩን ዘጋች።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ጭራቁ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያደርግ ይጽፋሉ። ከሁሉ በፊት ግን በምን እንደሚሸነፍ ይጽፋሉ፤ ያ ሳይገኝ ሌላውን አይነኩትም። ለዚህም ቤት ሲያጸዱ፣ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ሰው ሲያዋሩ ሳይቀር ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ሥዕሉ ስለማይሆንላቸው ዲናን ለመኗት። ዲና፣ ሥዕል እንደ ውሃ የሚፈስላት ዲና፣ “እኔ የሰው ጭራቅ ቀቢ አይደለሁም” አለቻቸው። ሌላ ሠዓሊ ተፈለገ።

ዲና ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ሦስት ሳምንት ደክማ ባለ ሰባት ራስ ጭራቅ ሠራች፤ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ሥላዋለች። ወይዘሮ እየሩስ አገላብጠው አዩትና፣ “በጣም ያምራል። በምን ይሸነፋል?” አሏት። “በምንም!” አለች ዲና። እርሳቸው እንደገና ሊጠይቋት ሲሉ ካርዱን ነጥቃቸው ለመርዋን ሰጠችው። ያን ዓርብ ልጆቹ ሁለት ዓመት ያሳደጓቸው ጀግኖች በሙሉ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቁ። አንደኛው ልጅ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። መርዋን “ማሻአላህ፣ ሥዕሉ ቆንጆ ነው” ብሎ ካርዱን መጽሐፍ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ወይዘሮ እየሩስ የማንጎ ጭማቂ ገዝተው አጠጧት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የጨዋታ መጻሕፍት የምታሳትመው ሱመያ ሥራቸውን ከመርዋን ሰምታ፣ እስከዚያ የሠሯቸውን አሥራ ሁለት ጭራቆች በዐረብኛ አሳተመች። ሽፋኑ ላይ ስማቸው በትልቁ ሰፈረ። መጽሐፉ በወጣ ዕለት እርሳቸው ሻይ ያመላልሱላቸው የነበሩት ልጆች ተሰልፈው አስፈረሟቸው፤ የማያውቋቸው ሰዎችም ፎቶ አብረዋቸው ተነሡ። ዲና ቦርሳቸውን ይዛ ቆማ ነበር። ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ ግማሽ ክንዷ ይታያል።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወይዘሮ እየሩስ በጉበት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ሃያ ጭራቆች ያሉት ሁለተኛው መጽሐፍ ተጀምሮ ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እርሳቸው ከአልጋቸው ይናገራሉ፣ ዲና ትጽፋለች። ካርዶቹ የተጻፉት በዲና እጅ ጽሑፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አሥራ ሰባተኛው ባለቀ ዕለት ዲና ለሱመያ ደውላ ግማሾቹን ያሰበቻቸው እርሷ መሆኗን ተናገረች። የእጅ ጽሑፏንም ለማስረጃ ፎቶ አንሥታ ላከች።

ሱመያ በማግስቱ ሆስፒታል መጥታ ወይዘሮ እየሩስን ጠየቀቻቸው። ዲና ከራስጌው ቆማ ነበር። ወይዘሮ እየሩስ እህታቸውን ተመለከቷትና፣ “አዎ፣ አብረን ነው የሠራነው። ስሟን ከስሜ አጠገብ ጻፉት” አሉ። ሱመያ ስትወጣ ዲና ስድቡን ጠበቀች። ወይዘሮ እየሩስ ግን ውሃ ጠጥተው፣ “ኸላስ፣ ቀጥዪ፤ አሥራ ስምንተኛው ላይ ነበርን” አሏት። ዲና እስክሪብቶውን አነሣች። በዚያች ሰዓት የቀናችባቸውን ያህል በድግሱም፣ በትዳራቸውም፣ በመጽሐፋቸውም ቀንታባቸው አታውቅም። እርሷ ብትሆን እንዲህ ማድረግ እንደማትችል አውቃዋለች።

ወይዘሮ እየሩስ ሃያኛውን በጨረሱ በዘጠነኛው ቀን፣ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ቀኑ እንኳ ተመርጦላቸዋል። አስከሬናቸው ነገ ወደ ሞጣ ይሸኛል። ዛሬ በዚህ ቤት የተሰበሰበው ሰው ክፍሎቹን ሞልቶ ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ዲና ጠዋት በር ላይ ቆማ ስታስገባ፣ ለእርሷ ቢሆን ከዚህ ስንቱ ይመጣ ነበር እያለች ነበር።

ሁለተኛው መጽሐፍ በሚቀጥለው ወር ማተሚያ ቤት ይገባል፤ በሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ። ሱመያና መርዋን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አቶ ካሳሁን የሚነበበውን በዐረብኛ እየነገሯቸው ነው። አቶ ካሳሁን የሚከተለውን ሳይቀንሱ፣ ሳያለዝቡ እንዲተረጉሙ ዲና ትለምናለች። ሃያዎቹን ጭራቆች ያሰቧቸው ወይዘሮ እየሩስ እንግዳ ብቻ ናቸው። ዲና የጻፈችው የነገሯትን ነው፤ ከሃያው አንዱም የእርሷ አይደለም። ለሱመያ የነገረቻት ውሸት ነው፤ እህቷም ውሸት መሆኑን እያወቁ ነው የሸፈኑላት። ስሟ ከሽፋኑ ይውጣ።

ወይዘሮ እየሩስ ባለቤታቸውን አቶ ካሳሁንን፣ ልጃቸውን ሮማንን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ወለተ ሥላሴንና አንዲት ታናሽ እህት ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ድካማቸውን ቆጥሮ ከደጋጎቹ መካከል መልካሙን ስፍራ ይስጣቸው፤ ለእናታቸውና ለልጃቸው መጽናናትን ያውርድልን። በዚያ ስፍራም ዲና ትቀናባቸዋለች፤ አሜን የምትለው ግን ከሁላችን ቀድማ ነው።