የአባባ መኪናና የነቀልኩት ችካል

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ የስፔን ፀሐይ ትንሽ ፈታ አደረገልሽ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል? የአክስቴ የቶርዲስ ደም ግፊትስ ረገበላት? በእኔ በኩል ሐሳብ አይግባሽ፤ ጤነኛ ነኝ፣ ቤቱም ይሞቃል፣ እንጨቱም እስከ ፀደይ ያደርሰኛል። የቸገረኝ ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

እዚህ ፀሐይ ከጠፋች ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ቀኑ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ይሆንና ተመልሶ ይከደናል። እኔም በዚያ ሰማያዊ ሰዓት ወጥ ቤት መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ ውጭውን ሳይ ሕልም ይሁን እውን አይለይልኝም። መቼም ፈዛዛነቴን ታውቂዋለሽ፤ “ልብሽን የት ጥለሽ መጣሽ?” እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ። ዘንድሮ ግን ፍዘቴ ጉድ ሠራኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

የአባባ መኪና ተመታች። ግቢያችን ውስጥ፣ ሁልጊዜ ከምትቆምበት ጥግ እንደቆመች ነው የተመታችው። በወሩ መጀመሪያ አራት ቀን ሙሉ በረዶ ሲወርድ መኪናዋ ከነጣራዋ ተውጣ ከጎኗ ካለው የበረዶ ክምር ጋር አንድ ሆና ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ሃልቫር እንደ ልማዳቸው ግቢውን በትራክተራቸው ሊጠርጉልኝ መጡ። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰምቼ ሮጬ ወጣሁ። የግራ በሮቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ፓራፋንጎዋም ተጨማዷል። ጋሽ ሃልቫር ኮፍያቸውን አውልቀው በረዶው ላይ ቆመዋል። ክምር እንደመሰላቸውና ዓይናቸው እንደከዳቸው ነገሩኝ። አምና የዓይን ሞራ አስገፍፈው የለ? በርገን ያለችው ልጃቸው በደወለች ቁጥር ትራክተሩን ይሽጡ እያለች ስትነዘንዛቸው “ዓይኔ ሲከዳኝ እሸጠዋለሁ” ነበር መልሳቸው።

ለኢንሹራንሱ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ የደቡብ ሰው መሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቃል፤ የቆመ መኪና እንዴት አይታይም ብላ ግራ ገባት። ከመመታቷ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለኝ እንድልክላት ጠየቀችኝ። በዚያው ዕለት ጠዋት ደረታቸው ቀይ የሆኑትን ወፎች አንስቻቸው ነበርና መኪናዋ ከኋላ ስለምትታይ እሱን ላክሁላት። ወዲያው መልሳ ደወለች።

“እመቤት፣ ይሄ እኮ በረዶ ነው። መኪናው የታለ?”

“እሱ ነው መኪናው” አልኳት። ሳቋ አመለጣት።

እኔ ግን ፎቶውን መልሼ ሳየው ክው አልኩ። ወፎቹ የሰፈሩበት፣ እንዲበሉት ለገና የምንሰቅልላቸው የአጃ ነዶ የታሰረው በመኪናዋ ችካል ላይ ነው። አባባ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ መሬቱ በብርድ ሳይጠጥር ከመኪናዋ ጎን ረጅም ችካል ይተክል እንደነበር ታስታውሻለሽ። ጋሽ ሃልቫር በረዶ ሲጠርጉ የሚያዩት ችካል ነው፤ ችካል ከሌለ ሁሉም መንገድ ነው ብለው ያርሱታል። ዘንድሮ እኔም ተክዬ ነበር። በኖቬምበር ግን ነዶውን ገዝቼ መስቀያ ሳጣ፣ ለጊዜው ብዬ ነቀልኩና መስኮቴ ፊት ተከልኩት። በማግስቱ ሌላ ልተክል አስቤ ነበር። ከዚያ ወፎቹ መጡና ረሳሁት።

ሐሙስ ዕለት የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች መጣ። እሱ እንደ እኛው የሰሜን ሰው ነው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና ስለ ችካሉ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ ሃልቫር ቀደሙኝ።

“ችካሉማ ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ” አሉ።

እማዬ፣ ዝም አልኩ። እውነት ብናገር ካሳው እንደሚቀነስብሽ አውቃለሁ። በበጋ ስትመጪ አብረን የምንነዳት ሌላ መኪና ልንገዛ እንችል ነበር። እሱን አሰብኩና ዝም አልኩ፤ ገማቹ ሲጽፍም ዓይኔ እያየ ዝም አልኩ።

በነጋታው የጋሽ ሃልቫር ትራክተር መንገድ ዳር ቆሞ አየሁት፤ መስታወቱ ላይ የሚሸጥ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። በረዶው ብርሃኑን ሰማያዊ አድርጎ ያስገባል፣ ድምፅ የለም፤ አባባ መሪውን ይዞ ከጎኔ ያለ መሰለኝ። ብቻዬን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እሑድ ከጋሽ ሃልቫር ቤት ሄድኩ። መንገዱን ስሄድ ውሃ ውስጥ የምንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። እንደተቀመጥኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ ወይም ይቅር ይሉኛል ብዬ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ ተናገሩኝ።

“ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን ልፈትን ብዬ አንዱን እየሸፈንኩ የቀን መቁጠሪያ ሳነብ ከረምኩ። በዚህ ዕድሜዬ! አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ ወፍ ታያለሽ።”

ተነስተው ወጡ። ባለቤታቸው እትዬ ጉድሩን እስከ በር ሸኙኝ።

ሰኞ ለገማቹ ደውዬ እውነቱን አስጻፍኩ። ጥፋቱ የጋራ ተብሏል፤ የጋሽ ሃልቫር ኢንሹራንስ የሚከፍለው ግማሹን ብቻ ነው። መኪናዋም ከጥገና በላይ ስለሆነች የኢንሹራንሱ ሰዎች ይወስዷታል። በስምሽ ስለሆነች ፊርማሽ ያስፈልጋል፤ ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ከተናደድሽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ቃሌን ግን አላነሳም። አባባም ቢኖር የሚያነሳ አይመስለኝም።

አክስቴ ቶርዲስን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳትረሳ። ለባሏ ለአጎቴ ሮአር ሰላም በይልኝ፤ የላከልኝ ብርቱካን አንድም ሳይበላሽ ደርሷል። ለጎረቤትሽ ለሴኞራ አምፓሮም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እትዬ ጉድሩን በጣም ሰላም ብለውሻል። ጋሽ ሃልቫርም በባለቤታቸው በኩል ሰላም ብለውሻል። ከእኔ ጋርማ እስካሁን አይነጋገሩም። ዛሬ ጠዋት ግን የትራክተራቸው ድምፅ ቀሰቀሰኝ፤ ብቅ ስል ግቢያችን ከሥር ያለው ጠጠር እስኪታይ ድረስ ተጠርጓል።

የምትወድሽ ልጅሽ ኢዱን

ሊንገን፣ ጃንዋሪ 23 ቀን