ከጥዱ ሥር የተቀበረው ጦር

ይድረስ ለምናፍቅህ፣ ጀርባዬ ላይ ላደግኸው ወንድሜ ለባምላክ ክንዴ፤ ካልጋሪ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ባለቤትህ ዮርዳኖስ እንዴት ናት? ብሥራትስ ምን ያህል አደገች? ሲበርድህ የሚያምህ ጉልበትህ በዚያ በበረዶ አገር ምን ይልሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህና ውርጭ ከመታው ድንቻችን በቀር የጎደለብን የለም። እናታችንም ደኅና ናት፤ ዓይኗ ቢደክምም ምላሷ እንደድሮው ነው።

መልእክትህን ያገኘሁት ቅዳሜ እንጅባራ ገበያ ወርጄ ኔትወርክ ሲመጣ ነው። ባጃጅ ተራ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ባለባጃጁ «እማማ፣ ይገባሉ ወይስ ይቆማሉ?» አለኝ። እማማ መባል ጀምሬልሃለሁ። በስልክ ልመልስልህ አስቤ ነበር፤ ነገሩ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ የባለቤቴ የአሳምነው የእህት ልጅ ፍቅርአዲስ ወደ እናንተ አገር ስለምትመጣ ይህን በእጇ ልኬልሃለሁ።

ብሥራት ስምንት ዓመት ሞልቷት በቤተ ክርስቲያናችሁ ሥርዓት ልትጠመቅ ነው፤ ይዘሃት ውሃ የምትገባውም አንተ አባቷ ነህ። አንተ ግን በመጽሐፈ ሞርሞን የተጻፉት፣ ከኢየሩሳሌም በመርከብ ተሻግረው አሜሪካ ገቡ የተባሉት ሰዎች፣ በእውን ስለመኖራቸው ተጠራጠርህ። መሬቱን የቆፈሩት ሊቃውንት ፈረሱንም የብረት ሰይፉንም አላገኙም አልኸኝ። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሰው እየተነሣ «እውነት እንደሆነ አውቃለሁ» ብሎ ሲመሰክር አንተ መነሣት ካቃተህ ዓመት አልፎሃል። «እትዬ፣ በምን አፌ ላጥምቃት?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

እኔን መጠየቅህ ገረመኝ። ሞርሞን ሆንሁ ያልኸኝ ጊዜ ዓመት ሙሉ ያኮረፍሁህ እኔው ነኝ። ዛሬም መጽሐፍህን አላምንበትም፤ አንጀቴን እንድታውቀው ነው የምነግርህ። መልእክትህን ያነበብሁ ቀን ልቤ «ይኸው ጊዜው ደረሰ፣ ወደ ሃይማኖታችን መልሽው» ብሎኝ ነበር። ግን እንዲህ ተሰብረህ ብትመለስ ባዶ እጅህን ነው የምትመለሰው፤ ያን ደግሞ አልፈልግም።

ከቤታችን በላይ ያለውን ጥድ አስበው። አባባ ነፍሱን ይማረውና የጊዮርጊስን ዝክር ባወጣ ቁጥር ስለ ጥዱ ያወራ ነበር። ከሰባት ትውልድ በፊት ሁለት ወንድማማቾች በግጦሽ ተጣልተው ደም ተቃቡ፤ ሽማግሌ አስታረቃቸው፤ የተዋጉበትንም ጦር ከጥዱ ሥር ቀበሩት። የሰፈራችን ሰው ሲታረቅ ግንዱ ላይ እጁን ጭኖ «ባፈርስ ጦሩ ይነሣብኝ» ብሎ የሚምለው ለዚህ ነው። «ጦሩ» ሲል አባባ ድምፁን ዝቅ የሚያደርጋትን አንተ እየቀዳህ በሳቅ ትገድለን ነበር። የዘንገና ሐይቅ ጉም ዛሬም እስከ በራችን ይመጣል። እንደዚያ የሚያወራ ሰው ግን የለንም፤ በዝክሩ ቀን ቤቱ ይሰፋብኛል።

ባለፈው ጥቅምት ሀይማኖት የምትባል የደን ተማሪ መጣች። በቀጭን መሰርሰሪያ ከጥዱ እንደ እርሳስ የቀጠነ እንጨት አውጥታ ቀለበቱን ቆጠረችና «ዕድሜው ከመቶ ሃያ ዓመት አይበልጥም» አለች። ሰባት ትውልድ ደግሞ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው። ልጅቱ ክፉ አላሰበችም፤ የቆጠረችውን ተናገረች።

ወሬው ሰፈሩን አመሰው። ጎረቤታችን አበረ ከአሳምነው ጋር በድንበር ተጣልቶ ካቻምና ከጥዱ ሥር ታርቀው ነበር። አሁን ታሪኩ ውሸት ከሆነ መሐላውም ውሸት ነው ብሎ የድንበሩን ድንጋይ ነቀለ። የኔውም ሰውዬ ዱላውን አነሣ። ሽማግሌዎቹ ቶሎ ደርሰው ሁለቱንም ጥዱ ሥር ጠሯቸው።

አበረ «ጦሩን ያየ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ አያ ደረሰ ዞረ፤ በልጅነታቸው አባታቸው የተገደለባቸው ሽማግሌ ናቸው፣ አትረሳቸውም። በአገውኛ ተናገሩ፤ እኔ በአማርኛ ልጻፍልህ። «ጦሩን አላየሁም። የአባቴ ገዳይ ልጅ ግን ከዚህ ጥድ ሥር ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ ሲበላ አይቻለሁ። ልጄንም ለልጁ ድሬለታለሁ። እኔ የማውቀው ይህን ነው።»

አበረ እየተነጫነጨ ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሰ፤ አሳምነውም አብሮ ተሸከመለት።

አሁን የራሴን ልናገር። አንተ ስድስት እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነን፣ አባባ ዳንግላ በሄደበት ቀን፣ ዶማ ይዘን ከጥዱ ሥር የቆፈርነው ትዝ ይልሃል? ጉድጓዱ ጠልቆ እጅህ አልደርስ ሲልህ ማልቀስ ጀመርህ። እኔ በደረቴ ተኝቼ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገባሁና «ነካሁት፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል» አልሁህ። ወንድሜ፣ ብረት አልነበረም። ድንጋይ ይሁን የዛፉ ሥር እንጃ። ልቅሶህን ላስቆም ብዬ ዋሸሁህ። አንተ ግን ለተማሪ ቤት ልጅ ሁሉ «እህቴ ነክታዋለች» እያልህ ስትምል አደግህ፤ እኔም እየሰማሁ ዝም አልሁ።

ማታ አባባ ጉድጓዱን ሲደፍን ምን አገኛችሁ ብሎኝ ነበር። ምንም አልሁት። እሱም «እኔም ልጅ ሆኜ ስቆፍር ምንም አላገኘሁም» አለና አፈሩን በእግሩ ረገጠው። በዝክሩ ቀን ደግሞ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራው። በዕድሜ ልኩ ግን ጦሩን አየሁት ሲል ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ እኔ ባንተ ላይ ያደረግሁትን በብሥራት ላይ አታድርግ። ያየኸውን ንገራት። እዚያ አገር በገባህበት በመጀመሪያው ክረምት ሥራ አጥተህ መጠጥ ሊውጥህ ሲል፣ እነዚያ የቤተ ክርስቲያንህ ሰዎች በረዶውን እየጠረጉ በርህን እንዳንኳኩ፣ እስክትነሣም እንዳልተለዩህ ንገራት። ስካሩን መተውህን እኔም ከዚህ ሆኜ ከድምፅህ አውቄዋለሁ። ለጉባኤህ ኃላፊም «አውቃለሁ ማለት አልችልም፤ ተስፋ አደርጋለሁ ማለት ግን እችላለሁ» በለው። አይሆንም ካለህ ሌላ ሰው ያጥምቃት፤ አንተ ዳር ቆመህ ፎጣዋን ያዝላት። የሚዋሽ አፍ ከሚያጠምቃት፣ የማይዋሽ እጅ ቢያደርቃት ይሻላል።

እናታችን ግንባርህን ስማሃለች፤ ብሥራት ስትመጣ ጠበል እወስዳታለሁ፣ ውሃ በዝቶበት የሞተ የለም ትላለች። አሳምነው በጣም ናፍቆሃል። ልጄ ውቢት ለብሥራት የሰፋቻትን ሙዳይ ልካለች። አያ ደረሰ መርቀውሃል። አበረም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ምንም ቢሆን ጎረቤት ነው።

እኔም ትናንት ብቻዬን ወደ ጥዱ ወጥቼ፣ እጄን ግንዱ ላይ ጭኜ «ባምላክን ዋሽቼዋለሁ» አልሁ። ይቅር ብለኸኝ እንደሆነ ጻፍልኝ። የብሥራት ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የራስህን እጅ ውሃው ውስጥ አስገባ። ከቀዘቀዘ ይቀዘቅዛል በላት፤ ከሞቀም ይሞቃል በላት።

እህትህ ማናለብሽ ክንዴ
ዘንገና፣ እንጅባራ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.