እሸቴ ያመጣልኝ በርሜል

መስከረም 12 ቀን 1959

ዛሬም እያስተማርኩ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ... ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ደክሞት የሚነሳ ሰው ምን ይባላል? ምግብ ሲቀርብ ያቅለሸልሸኛል። ገላዬ ራሱ አስጠላኝ።

እሸቴ፣ ባሌ ተብዬው፣ “የዱብቲ ሙቀት ነው፣ ትለምጂዋለሽ” ይላል። ሁለት ዓመት ኖሬ ሙቀቱ የገባኝ ከፋሲካ ወዲህ ነው እንዴ?

መስከረም 14

ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ “ወባ ነው” አለ። ትኩሳት የለኝም እኮ! “ይመጣል” አለኝ። እንደሱ ያለውን ሐኪም...

ጎረቤቴ ካሰች መጥታ በርሜሌን ስትደባብስ ዋለች። “አንቺማ ምን አለብሽ እቴ፣ ውሃ በደጅሽ።” እሸቴ ለፋሲካ ከጥጥ እርሻው መጋዘን ለምኖ ያመጣልኝ ነው። እንስራ መሸከም አቅቶኛልና ባይኖር ምን እሆን ነበር?

መስከረም 22

ለመስቀል ሰርዶ እህቴ ዘንድ ሰነበትኩ። ሰርዶ ከዱብቲ ይብሳል፣ ድንጋዩ ሳይቀር ይግላል። እኔ ግን ልብስ አጠብኩ፣ ሽሮ ደግሜ በላሁ። “ማነው ታማለች ያለው?” አለች እህቴ። ሙቀት ከሆነ እዚያ ለምን ተወኝ?

መስከረም 24

ዱብቲ ከተመለስኩ እግሬ እንደገና ጨርቅ ሆነ።

ጠዋት አይሮፕላኑ ጥጡ ላይ የትል መርዝ ረጨ። ሽታው ቤት ገባ። አፌን ልጉመጠመጥ ከበርሜሉ ጨለፍኩ... ያው ሽታ። ያው! ስንቴ “የብረት ሽታ ነው” ብዬ ጠጣሁት? አስታወክሁ። ትል የሚገድሉበትን ስጠጣ፣ ስቀቅልበት፣ ስታጠብበት ከርሜ... ምላሴን ነቅዬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ስነግረው የእሸቴ ፊት አመድ መሰለ። “በአሸዋ ፈትጌ አጥቤዋለሁ እኮ ውብዬ... እንዳትደክሚብኝ ብዬ ነው።” እሱማ ከጠላ ቤት አይጠፋ፣ ውሃ መቼ ይቀምሳል። ቀፈፈኝም፣ አሳዘነኝም።

መስከረም 25

እሸቴ በርሜሉን አንከባልሎ ቆሻሻ መጣያው ጋ ጣለው። ተገላገልኩ።

ጥቅምት 15

ቀኑን ሙሉ ቆሜ አስተማርኩ። እንቅልፍ የለ፣ ማቅለሽለሽ የለ።

ስመለስ በርሜሉ ካሰች ደጅ ቆሟል፣ ውሃ ሞልቶ። ትንሿ ልጇ በጣሳ ትጠጣለች። “የጣልሽውን አነሳሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝ። በዚህ ሰፈር የተጣለ በርሜል ሜዳ የሚያድር መስሎኝ ነበር? ጅል!

ነገርኳት። “ምቀኛ! አንቺ ስትጠጪው ከርመሽ ሞትሽ?” አለች።

ዶማ አምጥቼ በሳሁት። ደጋግሜ። ሰፈሩ ወጥቶ አየኝ፣ ካሰች እያለቀሰች ረገመችኝ። ውሃው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ። ክንዴ አልዛለም።

እንስራዬን ሞልቼ ተሸክሜ ደጇ አኖርኩላት። እስካሁን አላነሳችውም።