ስለ ተቆለፈችው ጀልባና ስለ ሦስት ሌሊት ደንብ

ለክቡር ኢንጂነር ካሎያን ድራማሊዬቭ
የዱንካቮ የባሕር ዳርቻ ሥርዓትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዱንካቮ

ግልባጭ፦ ይህን ጋዜጣ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዳሉ፣ የበጋው ግርግር ካለፈ በኋላ ትንሽ አርፈው፣ ባሕሩን በሚያየው ቢሮዎ ውስጥ እንደ ተቀመጡ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን የማውቀው ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ» እያልኩ ስለምመልስ ነው፤ ከዚህ የተለየ ማስረጃ ማቅረብ ባለመቻሌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ስሜ ስቶይና ራይኮቫ ይባላል። የፕሎቭዲቭ ነዋሪ ነኝ፤ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት በባቡር ጣቢያ ውስጥ የባቡሮችን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ሳሰማ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ በመስከረም መጀመሪያ የላከልኝ ወረቀት ደርሶኛል። ወረቀቱ ባለፈው ግንቦት ባለቤቴ ሊዩቤን በዱንካቮ ባሕር ላይ የሞተው የዕለቱ ተረኛ የነፍስ አድን ሠራተኛ ያቮር ሚትሬቭ ሥራውን ችላ በማለቱ እንደ ሆነ ይገልጽና፣ እኔም እንደ ሟች ሚስት ከሥሩ እንድፈርም በትሕትና ይጠይቃል። የምፈርምበትን መስመር ፈልጌ እንዳልደክም በእርሳስ ምልክት ስላደረጋችሁልኝ አመሰግናለሁ። መልሴ ሁለት ወር ስለ ዘገየ አትቀየሙኝ፤ የሆነውን በቅደም ተከተል ጽፌ ለመጨረስ ይህን ያህል ጊዜ ወስዶብኛል።

1ኛ. ከሁሉ አስቀድሜ ስለ አቀባበላችሁ ላመስግን። ሊዩቤን ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ዕድሜውን በሙሉ ደቂቃ ሲያሳድደው ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት የእጅ ሰዓቱን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ከዚያም ከመኪና ኋላ የሚጎተት አሮጌ ካራቫን አመጣና ክረምቱን በሙሉ ሲያድሰው ከርሞ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ ቢጫ ካያክ ጣራው ላይ አስሮ፣ የባሕሩን ዳርቻ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቀስ እያልን እንውረድ አለኝ። በቀን ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳንም። ደስ ያለን ቦታ ላይ እንቆማለን፤ ከካራቫኑ በር ፊት ድንኳን እንዘረጋለን፤ እሱ ዓሣውን ይጠብሳል፣ እኔ ቲማቲሙን እቆራርጣለሁ፣ የራኪያ አረቂያችንን እንቀምሳለን። ከሰዓት በኋላ ካያኳን ውሃ ላይ እናወርዳታለን፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። መቅዘፌን ትቼ ወፍ ሳይ ከኋላዬ ሆኖ፣ «እመቤት፣ እዚህ አውቶቡስ ላይ ተሳፋሪም ይገፋል» ይለኝ ነበር። በትዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረን እንደዚያ ሰሞን ብዙ ያወራንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ዱንካቮ የደረስነው በግንቦት መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። በካምፓችሁ በር ላይ አሥራ አራት ክልከላ የሰፈረበት ሰሌዳ ቆሞ አገኘን። እሳት ማንደድ፣ ውሻ መፍታት፣ በባሕሩ ፊት ልብስ ማስጣት፣ ከሦስት ሌሊት በላይ መቆየት፣ ሁሉም በየቁጥሩ አለ። ሊዩቤን እስከ መጨረሻው አነበበና፣ «መተንፈስን ረስተውታል» አለ። በግንቦት ከየብስ ድንገት ተነሥቶ ወደ ባሕር ስለሚገፋው ነፋስ የሚናገር ቃል ግን አላየንም፤ ቦታ ጠቧችሁ ይመስለኛል።

2ኛ. ሐሙስ ጠዋት ትከሻዬን ስላመመኝ አብሬው አልወጣሁም። ባሕሩ የተኛ ነበር። ሊዩቤን ከዳርቻው ጫፍ ያለውን ሹል ቋጥኝ ዞሮ ከወዲያ ያለውን ትንሽ አሸዋ አይቶ ለምሳ እንደሚመለስ ነግሮኝ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄደ። የነፍስ አድን ሰደርያውን አልለበሰም፤ መቀመጫው ስለሚቆረቁረው አጣጥፎ ሥሩ አድርጎት ነበር። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ለጽሕፈት ቤትዎ ጥቅም ነው፤ ምናልባት ያስፈልጋችሁ ይሆናል።

3ኛ. ከዚህ ቀጥሎ ስለ ነፍስ አድን ማማችሁ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ነፋሱ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ዞረ። ቢጫዋ ካያክ ከቋጥኙ በኩል ብቅ ስትል አየኋት፤ አፍንጫዋ ወደ እኛ ነው፣ እሷ ግን ወደ ኋላ ትሄዳለች። ሮጥኩ። ማማው አዲስ ነው፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ከሥሩ ሞተር ያላት ቀይ ጀልባ በሰንሰለት ታስራ፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው የማማውን መወጣጫ ቀለም ሲቀባ አገኘሁት፤ ያቮር ሚትሬቭ ማለት ያ ነው። የሆነውን ስነግረው ብሩሹን ጣለና ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወለ፤ እኔም እንድሰማው ስልኩን ድምፁን ከፍ አደረገው። ከወዲያ የመለሰችው ሴት የባሕር ዳርቻው ወቅት በበዓል የሚከፈተው እሑድ ሰኔ አንድ ቀን መሆኑን፣ የጀልባዋ ቁልፍም የሚወጣው በዚያን ዕለት በርክክብ መሆኑን፣ ክቡርነትዎ ደግሞ በበዓሉ ዝግጅት ስብሰባ ላይ እንዳሉ በጥሩ ቋንቋ አስረዳችው። ለአፍታ ጠብቅ ብላው ወደ ስብሰባው ሄዳ ስትመለስም መልሱ ያው ነበር።

«ሰውዬው እየሄደ ነው፤ ሰንሰለቱን እሰብረዋለሁ» አላት።

«ከሰበርክ ራስህ ትጠየቅበታለህ ብለዋል» አለችው።

ብረት አምጥቶ መታው። ሰንሰለቱ ግን ጥሩ ሰንሰለት ነው፤ ለዕቃ ግዢ ክፍላችሁ ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ሰንሰለቱ እንቢ ሲለው አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር በአንገቴ አጠለቀልኝ፤ «ዓይንዎን ከእሱ አይንቀሉ፤ በእጅዎ አቅጣጫውን ያሳዩኝ» ብሎኝ እንደ ለበሰ ውሃ ውስጥ ገባ።

መነጽሩ በጣም ግሩም ነው። የሊዩቤንን ቆብ ሳይቀር ያሳየኝ ነበር። አንድ ጊዜ መቅዘፊያውን ወደ ላይ አንሥቶ አቆመው። እኔም እጄን አነሣሁ፤ ያየኝ አይመስለኝም። ከዚያ ያቮር ማዕበሉ ውስጥ ጠፋብኝና መነጽሩን ወደ እሱ አዞርኩ። አገኘሁት፤ እየዋኘ ነው። መልሼ ወደ ሊዩቤን ሳዞር አጣሁት። ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ አየሁ። ሊዩቤንን ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ያቮርን ማዕበሉ ወደ ዳር መለሰው፤ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ የዋጠውን ውሃ አስመለሰ። በአደጋ ጥሪ የተጠራው መርከብ ከሩቅ ወደብ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ካያኳን ያገኛት ጋሽ ግሮዝዳን የሚባሉት የሰፈሩ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ባዶዋን ነበረች። ሰደርያው መቀመጫው ላይ እንደ ታጠፈ ነው።

4ኛ. ዓርብ ጠዋት በካራቫኑ መስኮት ላይ በክቡር ማኅተማችሁ የታተመ ማሳሰቢያ ተለጥፎ አገኘሁ፤ ሦስቱ ሌሊት ስላለቀ ቦታውን እንድለቅ የሚል። ስንተኛው ቀን እንደ ሆነ ጠፍቶብኝ ስለ ነበር ቆጥራችሁ ስለ ነገራችሁኝ ባለ ውለታዬ ናችሁ። ደውዬ፣ ባለቤቴ ገና ባሕር ውስጥ እንደ ሆነ፣ መኪና መንዳትም እንደማልችል አስረዳሁ። ያችው ሴት፣ «ወይዘሮ፣ በጣም እናዝናለን፤ ቦታው ግን ለበዓሉ እንግዶች ተይዟል» አለችኝ። «እናዝናለን» የሚለውን ቃል ለሃያ ዘጠኝ ዓመት በድምፅ ማጉያ ስናገረው ስለ ኖርኩ እንዴት እንደሚባል አውቃለሁ። ጥሩ ብላዋለች።

ጋሽ ግሮዝዳን ትራክተራቸውን ይዘው መጡና ካራቫኑን ጎትተው መረብ ከሚያሰጡበት ግቢያቸው ውስጥ አቆሙልኝ። «እዚህ ሌሊት የሚቆጥር የለም» አሉኝ። ከዚያ በቀር ብዙ አላወሩም። በየጠዋቱ ወደ ባሕር ሲወጡ በካራቫኑ በር በኩል ያልፋሉ፤ ሲመለሱ ከሩቅ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አላገኘሁም ማለታቸው ነው።

5ኛ. የእሑዱ በዓል እጅግ ያማረ ነበር፤ ከጋሽ ግሮዝዳን ግቢ ሁሉም ይታያል። ሙዚቀኞቹ ነጭ ለብሰዋል። ሪባኑን ሲቆርጡ አጨበጨቡልዎ። ከዚያ አንድ ሰው ከኪሱ ቁልፍ አወጣ፤ ያ ሰንሰለት በአንድ ጊዜ ተፈታ። ቀይዋ ጀልባ አበባ ተደርጎላት ውሃ ላይ ወረደች፤ እርስዎም እንግዶችዎን አሳፍረው እስከ ሹሉ ቋጥኝ ደርሰው ተመለሱ። ደቂቃውን ያዝኩ፤ የቆየ ልማድ ነው። መሄጃው አራት ደቂቃ፣ መመለሻው አምስት። ምን ተሰማሽ ብለው የጠየቁኝ አሉ። ምንም አልተሰማኝም። አንገትዎ ላይ ሻርፕ ጠምጥመው እንደ ነበር አይቼ፣ ነፋስ ለሚፈራ ሰው ጥሩ ነው ብዬ ማሰቤን ብቻ አስታውሳለሁ።

ሊዩቤን የተገኘው በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከዱንካቮ በስተደቡብ ራቅ ብሎ ነው። መጥተው የነገሩኝ ጋሽ ግሮዝዳን ናቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «መጥቷል» አሉኝ። ፕሎቭዲቭ ወስጄ ቀበርኩት። ካራቫኑ እስካሁን እሳቸው ግቢ ነው ያለው።

6ኛ. አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ። ያቮር ሚትሬቭ ከሥራ መባረሩን የሰማሁት ከራሱ ነው። በጥቅምት አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ወረቀቱ ያውቃል።

«እትዬ ስቶይና፣ ይፈርሙላቸው» አለኝ። «እኔ ሌላ ሥራ አላጣም። እርስዎም ይረፉ።»

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምን ያህል እንደ ቀረበው ጠየቅኩት።

«ሲጠራ ሰምቼዋለሁ» አለ። «እኔን አልነበረም የሚጠራው።»

የባቄላ ሾርባ አሞቅኩለት፤ በላ። በአምስት ወር ውስጥ በሊዩቤን ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ሲበላ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሲሄድ በር ድረስ ሸኘሁትና ተመልሼ ወረቀታችሁን ከመሳቢያ አወጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ወረቀቱን በታላቅ አክብሮት ሳልፈርምበት መልሼልዎታለሁ። በምትኩ የራሴን ቃል ጽፌ፣ ጋሽ ግሮዝዳንም ስለ ሰንሰለቱና ስለ ነፋሱ የሚያውቁትን ጨምረው፣ ሁለታችንም ፈርመን ለዓቃቤ ሕግ አስገብተናል። ጽሑፌ አጭር ነው፤ እንዲህ ይላል። አራት ሰዓት ከአምስት፣ ማማው ሥር ደረስኩ። አራት ሰዓት ከስምንት፣ ተረኛው ደወለ። አራት ሰዓት ከአሥራ ሦስት፣ ሁለተኛው መልስ ተሰጠው። አራት ሰዓት ከሃያ፣ ውሃ ውስጥ ገባ። አራት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ፣ ባለቤቴ አይታይም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰዓት ተሳሳትሽ ያለኝ ሰው እንደሌለ የባቡር ጣቢያው ሊመሰክር ይችላል።

በቀረው ዘመንዎ ጤና እንዳይለይዎ፣ ስብሰባዎ እንዳይቋረጥብዎ፣ ቁልፎችዎም ሁሉ በየቦታቸው እንዲገኙልዎ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎና በሥርዎ ለሚሠሩት ሁሉ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ አረጋግጣለሁ።

የካምፕዎ የቀድሞ እንግዳ፣
ስቶይና ራይኮቫ
ፕሎቭዲቭ፣ በጥቅምት መጨረሻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ በስልኬ ስለ ቆይታዬ አስተያየት እንድሰጥ የሚጠይቅ ቅጽ ደርሶኛል፤ ስላስታወሳችሁኝ አመሰግናለሁ። ስንት ሆናችሁ መጣችሁ ለሚለው «ሁለት» ብዬ ሞልቻለሁ። ስንት ሆናችሁ ተመለሳችሁ የሚል ጥያቄ ፈልጌ ስላጣሁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ብትጨምሩበት መልካም ነው።