ወንድም ሰጥቶ ለነሳኝ ቤተ ሙከራ

ለተከበሩ የዘረመል ምርመራ ቤተ ሙከራ ዋና ዳይሬክተር፣

የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የዚያ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም የሚውለው ማሽንዎ ጤና እንደምን ከርሟል? ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያግዘኝ በገዛ እጄ የምጽፍልዎ እኔ ቀለም ቀቢው ነኝ። ዘንድሮ ከማታ ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቻለሁ። አስተማሪያችን ሁለተኛ ነህ ይላሉ፤ የበለጠችኝ ሴትዮ ግን መነጽር ነበራት። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳፈር ብዬ ሳይሆን፣ መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ የጻፍኩትን ለሰው ሳላሳይ ማደር ስለማይሆንልኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ያለ ወላጅ ያደጋችሁ ሁሉ ምራቃችሁን ስጡና ዘመድ እናፈላልግላችሁ የሚል ማስታወቂያ በራችሁ ላይ ለጥፋችሁ ነበር፤ ብቻዬን አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ስለሆነ አምኜው ገባሁ። ነጭ ጋውን የለበሰችው ባለሙያዎ በትዕግሥት እንዳስረዳችኝ፣ በሰው ውስጥ ያለው ጽሑፍ እጅግ ረጅም በመሆኑ ሁሉም አይነበብም፤ ይልቅስ በአንዲት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ዝምድናን የሚናገሩት ብዙ ቦታዎች በአንድ ጊዜ ይመረጡና፣ ማሽኑ እነሱን ብቻ እያባዛ እያባዛ ለመነበብ ያደርሳቸዋል። እኔም አንዷን ፊደል መቶ ጊዜ እየጻፍኩ የተማርኩ ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ፤ እንዲያውም ከእሷ ቀድሞ ሳይገባኝ አልቀረም።

አንደኛ፣ ስለ ሰጣችሁኝ ወንድም ከልብ አመሰግናለሁ። ከቤቴ ሁለት መንገድ ማዶ፣ ደረጃ ሥር ተቀምጦ ሰዓት የሚጠግነው ሰው፣ እንደኔው ያለ ወላጅ አድጎ እንደኔው ምራቁን ሰጥቷችሁ ኖሮ፣ ወንድማማች ናችሁ አላችሁን። ጆሯችን አንድ ነው ተባባልን። አፍንጫችን አልመሳሰል ሲለን ደግሞ የእሱ የእናታችን ወገን ይሆናል ብለን አለፍነው። በዕድሜ ስለምበልጠው፣ ሃምሳን ከተሻገርኩ በኋላ «ወንድም ጋሼ» የሚለኝ ሰው አገኘሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝበት እየመጣ መሰላሌን ይይዝልኝና «ወንድም ጋሼ፣ ኧረ ቀስ! ሳልጠግብህ ትወድቅብኛለህ» ይለኝ ነበር። ይህን በደመወዝ የሚሠራ ሠራተኛ የላችሁም።

ሁለተኛ፣ ከሁለት ወር በኋላ ስለላካችሁልን ማስተካከያ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ለካ ከእኔ ምራቅ አንዲት ጠብታ ወደ እሱ ቱቦ ገብታ ኖሮ፣ ማሽኑም የማን ነሽ ሳይል አብሮ ስላባዛት ውጤቱ ውድቅ ሆኗል። እንግዲህ በዚያ ሰውዬ ቱቦ ውስጥ ያገኛችሁት እኔኑ ነው ማለት ነው። ያን ያህል ቦታ በአንድ ጊዜ በሚያነብ ማሽን እኔን ከራሴ ጋር ስላዛመዳችሁኝ ትጋታችሁ የሚደነቅ ነው፤ ከራሴ ጋር ግን ድሮም እንተዋወቅ ነበር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ትንሽ ከብዶኛል። ማስተካከያው በደረሰን ማግሥት ወደ ሱቁ ብሄድ፣ ለደንበኛ እንደሚለው «ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን ዓይኑን ከያዘው ሰዓት ላይ አላነሳም። ደብዳቤያችሁ ውስጥ ወንድማማች አይደላችሁም የሚል ቃል እንደሌለ፣ ያለው ሁለታችሁም አዲስ ምራቅ ሰጥታችሁ እንደ ገና ተመርመሩ የሚል ብቻ እንደሆነ፣ በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩለት። «ባይሆንስ?» አለኝ። እኔም ደብዳቤውን እንደ ገና ከላይ ጀምሬ ላነብለት ያዝኩ። «አንዴ ወንድም ነጥቀውኛል፤ ሁለተኛ አልችልም» አለና አጉሊ መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰ። ከዚያ ወዲህ መሰላሌን ከመስኮት ብረት ጋር በገመድ እያሰርኩ እወጣለሁ።

አራተኛ፣ ከዚህ ጋር ባይገናኝም፣ የመጠበቂያ ክፍላችሁ ግድግዳ እርጥበቱ ሳይደርቅ ስለተቀባ እየተላጠ ነው። ሰው ዘመዱን ሲጠብቅ የሚያፈጥበት ግድግዳ እንዲህ መሆን አልነበረበትም።

ልመናዬ አጭር ነው። ክብርዎ ቢፈቅድ እስከዚያ ደረጃ ድረስ ወርደው፣ ጥፋቱን የእኔ አድርጎት እንደሆነ፣ ጠብታዋን ያፈሰስኩት እኔ እንዳልሆንኩ ለሰዓት ጠጋኙ በአፍዎ ይንገሩልኝ። እኔ በበኩሌ ሰኞ ዕለት ብቻዬን መጥቼ አዲስ ምራቅ ሰጥቻለሁ። ባለሙያዎ፣ የሌላው ሰው ካልመጣ የእኔ ለብቻው ምንም እንደማይናገር ነግራኛለች፤ ይህንንስ ያለ ማሽንም አውቀው ነበር። ሆኖም እባክዎ እንዳይደፋብኝ ይዘዙልኝ። ምናልባት ሰውዬው አንድ ቀን ልቡ ሞልቶ ብቅ ያለ እንደሆነ፣ የእኔ ቀድሞ ሲጠብቀው ይገኝ። እስከዚያው ከጎረቤት ቱቦ አርቃችሁ አስቀምጡልኝ፤ ብቻውን መሆን ያውቅበታል።

ከማያልቅ አክብሮትና ሊያልቅ ከተቃረበ ትዕግሥት ጋር፣
የራሱ የቅርብ ዘመድ መሆኑ በማሽንዎ የተረጋገጠለት
ቀለም ቀቢው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ በሰጣችሁኝ ቅጽ ላይ «ችግር ቢፈጠር የሚጠራ የቅርብ ዘመድ» የሚል ባዶ መስመር አግኝቻለሁ። ባለሙያዎ ባዶ መተው አይቻልም ስላለችኝ፣ የእርስዎን ስም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሞልቼበታለሁ። ስልክዎን አያጥፉ።