ዘንጉን ለተረከቡት ሥራ አስኪያጅ

ጥቅምት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.
ፍኖተ ሰላም

ለተከበሩ አቶ ሙሐመድአሚን አብዱልሀኪም
የሚሊኒየም ሲኒማ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ምስጋናና ጥቂት ቅሬታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ አዲሶቹ የፕላስቲክ ወንበሮችዎም፣ ጣሪያው ላይ የተከሉት ትልቁ ዲሽም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የቅዳሜ ደንበኞችዎ በርዎን መርገጥ ከተውን ወዲህ እግራችን አርፎ እጅግ ደህና ነን። ብዘገይም ኢዱን እንኳን በሰላም አደረሰዎ።

እኔ ካሰች ላቀው እባላለሁ፤ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ በልጅነትዎ ከአባትዎ ሱቅ ደረጃ ወድቀው ግንባርዎ የተፈነከተ ጊዜ ቅቤ የቀባሁልዎ ሴት ነኝ። ጠባሳው አሁንም ስላለ መታወቂያ ማያያዝ አላስፈለገኝም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ በአዲሱ አሠራር እንዳይገመግሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ካለው ማስታወቂያ ጎን ስለምለጥፈው፣ መኪና ሲጠብቅ ቆሞ ለሚያነበው የቡሬ መንገደኛም እንዲገባው ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። አላህ ይዘንላቸውና አባትዎ ሐጂ አብዱልሀኪም በ1987 ዓ.ም. የእህል መጋዘናቸውን አስጠርገው፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ቪዲዮ አስገብተው፣ አግዳሚ ደርድረው የህንድ ፊልም ማሳየት ጀመሩ። ሰዎቹ ያለቅሳሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ዛፍ ይዞራሉ፤ ምን እንደሚሉ ግን አንድም የሚያውቅ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን የቤቱ ዘበኛ አያ ባምላኩ ከበሩ ተነስተው መጡና ዘንጋቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው፣ ይቺ ነጭ የለበሰችው ውዳሴ ትባላለች፣ ያ ሪዛሙ አጎቷ ነው፣ ርስቷን ሊነጥቃት አስቧል፣ ብለው ያስረዱን ጀመር። ህንድኛውን የት ተማሩት ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። አባትዎም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዘበኝነት አንስተው ተርጓሚ አደረጓቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላንም ከገበያ ለምንመለስ ሴቶች ለይተው ሰጡን። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ አባትዎ ሲያርፉ እርስዎ ቤቱን ወርሰው ለውጥ ጀመሩ። አሁን ወደ ቅሬታው ልግባ።

1ኛ/ ስለ እውነት። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ማግስት የሚታየውን የሁለቱን ወንድማማቾች ፊልም የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። ታላቁ የታናሹን ወንጀል ተሸክሞ እስር ቤት ይገባል፣ እናታቸውም በር ላይ ቆመው ሲጠብቁት ይሞታሉ። ሐምሌ ላይ ግን ወዳጅዎ መምህር ወንዳወቅ ከግርጌው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን ሲዲ ከባሕር ዳር አምጥተው ቢያነቡት፣ ሁለቱ ሰዎች ወንድማማቾች ሳይሆኑ አንዱ የሌላው ጠበቃ ነው አሉን። እናትየውም ጎረቤት ናቸው፤ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁትም የጠፋ ውሻቸውን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጠላችን እስኪርስ ያለቀስነው ለውሻ መሆኑን ስላሳወቁን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

2ኛ/ ስለ ስብሰባው። ነሐሴ ላይ ደንበኞች በለውጡ ላይ እንዲወያዩ ብለው ሲጠሩን፣ ከቀበሌ ውጭ ግምገማ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ወጣቶቹ ከፊት በአዲሶቹ ወንበሮች፣ እኛ ከኋላ በአግዳሚው ተቀመጥን። መምህር ወንዳወቅ ተነስተው፣ ዘመኑ የእውቀት ነው፣ ከእንግዲህ ትክክለኛውን ታሪክ ነው ማየት ያለብን ሲሉ ተጨበጨበላቸው። ጨርቅ የምትሸጠው ራጂያ ደግሞ፣ እኔ ያለቀስኩት ለእናት ነው፣ እናቴን ቀብሬ በመጣሁ በሳምንቴ ነው ያለቀስኩት፣ አሁን ተነስታችሁ ጎረቤት ናት ስትሉኝ ትንሽ አታፍሩም? ብላ ተቀመጠች። ከእኛው ሴቶች እታለም እንኳ ከጥግ ሆና፣ ለመሆኑ ውሻው ተገኘ ወይ ብላ ጠይቃ ነበር፤ መልስ ግን አልተሰጣትም፤ በቃለ ጉባኤውም አልሰፈረም።

እውነት ለመናገር ልጆቹ ጨርሶ ተሳስተዋል አልልም። አያ ባምላኩ ገደሉት ያሉን ሰው አንድ ዘፈን ሳይቆይ በፈረስ ሲመጣ፣ ይሄ መንትያ ወንድሙ ነው ይሉናል። በአንድ ፊልም አራት መንትያ የቆጠርኩበት ቅዳሜ አለ። እኛም እኮ ዓይን አለን፤ አይተናል። አይተን የተውነው፣ እርስዎ እንደሚያስቡት ስለማይገባን ሳይሆን የሚቀጥለውን ለመስማት ስለቸኮልን ነው። ይህን ሁሉ ለመናገር እጄን ባወጣ፣ እጅ የተቆጠረው ወንበር ላይ ከተቀመጠው ብቻ ሆኖ፣ ለውጡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተባለ። አግዳሚው ላይ የነበርነው ሠላሳ ስድስት ሴቶች ለካ የቤቱ ዕቃ ነበርን።

3ኛ/ ስለ ቅዳሜ። የእኛን ሰዓት ለእንግሊዝ ኳስ መስጠትዎ ብልህነት ነው። ከገጠር ሦስት ሰዓት በእግሯ መጥታ፣ የያዘችውን ሸጣ፣ ወገቧን ልታሳርፍ አንድ ቀን ለምትቀመጥ ሴት ከኳስ የበለጠ ምን ይስማማታል? የተርጓሚውን ነገር ግን ያስቡበት፤ በቀደም በበርዎ ሳልፍ ልጆቹ አንድ ላይ ሲጮሁ ሰምቼ፣ ማን ሞተ ብዬ ብጠይቅ የሚያስረዳኝ አጣሁ።

4ኛ/ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ደብዳቤውንም ያስጻፈኝ እሱ ነው። አያ ባምላኩ አሥራ ሁለት ዓመት ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ ርቀው ተቀምጠው ዓይናቸው ደክሟል። ዛሬ ብርሃኑን እንጂ ሰዉን አይለዩም። ከሁለት ዓመት ወዲህ የነገሩን ሁሉ ከልባቸው እንጂ ከቴሌቪዥኑ እንዳልነበረ እኛ ሴቶቹ እናውቅ ነበር፤ አንዳችን ለአንዳችን እንኳ አልተነፈስነውም። እርስዎ ግን ዓይናቸው ለሥራው ብቁ አይደለም ብለው በደብዳቤ አሰናበቷቸው፤ ለአገልግሎታቸውም በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ሰርተፍኬት ሸለሟቸው። ማየት ለተሳነው ሰው የሚነበብ ምስጋና መስጠት ማንም ያልደረሰበት አዲስ አሠራር ስለሆነ፣ በዞን ደረጃ ተሞክሮው ቢሰፋ እላለሁ።

ሰርተፍኬቱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እስከ ማኅተሙ ድረስ ሰሙኝና፣ ዘንጉንስ ይላል? አሉኝ። ዘንጉን አይልም አልኳቸው። እንዴት ይበል? ዘንጉ የድርጅቱ ንብረት ነው ተብሎ፣ በመረካከቢያ ቅጽ ላይ በአውራ ጣታቸው አስፈርመው ተቀብለዋቸዋላ! ዘበኛ ሆነው ሲገቡ አባትዎ በእጃቸው የሰጧቸውን፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደግሞ ቤታቸው የሚደርሱበትን ዘንግ ማለቴ ነው። ዛሬ የቢሮዎን መስኮት ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ይዞታል፤ ከመንገድ ይታያል። ኃላፊነትዎ የተወሰነ መሆኑን በርዎ ላይ አስቀድመው ስለጻፉ አልወቅስዎትም፤ እንዲህ በጣም የተወሰነ መሆኑን ግን አላወቅንም ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የምንጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። ቅዳሜያችንን ይመልሱልን፤ አያ ባምላኩንም ወደ ቦታቸው፣ ከነዘንጋቸው። እምቢ ቢሉም ሥራ ፈተን እንዳይመስልዎ። ካለፉት ሦስት ቅዳሜዎች ጀምሮ አያ ባምላኩ በእኔ በረንዳ ላይ ፊልሙን እየነገሩን ነው። ቴሌቪዥን የለም፣ ሲዲ የለም፣ መብራት ቢጠፋ የሚቋረጥ ነገር የለም። ጣታቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ ሲቀስሩ ሁላችንም ዞረን ግድግዳውን እናያለን፤ ሚስማር ላይ ከተሰቀለው ወንፊቴ በስተቀር ምንም የለበትም፣ ግን እናያለን። ለውጥ ጠሉ እንዳይሉንም፣ አያ ባምላኩ የመምህር ወንዳወቅን ጥናት ተቀብለው ውሻውን አስገብተውታል። አሁን እናትየው በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት ልጃቸውንም ውሻቸውንም ነው፤ አስቀድሞ የሚመጣው ውሻው ነው፣ የልጁን ሽታ ይዞ። ራጂያ ያን ጊዜ ያለቀሰችውን አይጠይቁኝ። መምህር ወንዳወቅም ባለፈው ቅዳሜ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲሰሙ አይቻቸዋለሁ፤ ግቡ ብላቸው፣ መንገደኛ ነኝ አሉኝ፤ ግን እስኪያልቅ አልሄዱም።

ወንበሮችዎን አቧራ እንዳይነካቸው፣ ዲሽዎን ነፋስ እንዳያጣምመው፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያልቅበት ዘወትር እየጸለይኩ፣

በሙሉ ድምፅ ከተረሱት ሠላሳ ስድስት ሴቶች መካከል አንዷና የግንባርዎ ሐኪም፣
ካሰች ላቀው

ከፈረምኩ በኋላ፣ በማግስቱ መጨመር ያለብኝ፦

ሙሐመድአሚን ልጄ፣ ይህንን ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለአንተ ነው የምጽፈው። ዛሬ ጠዋት ቢሮህ ስትገባ መስኮቱ ተዘግቶ ታገኘዋለህ። ሌባ ገብቷል ብለህ ፖሊስ ጣቢያ እንዳትሮጥ። ዘንጉን ትናንት ማታ በሻሿ ጠቅልላ እኔ ቤት ያመጣችው እናትህ ናዚፋ ናት፤ በራሷ እጅ ለአያ ባምላኩ አስረከበች፣ ቅጽም አላስፈረመች። ነገ ቅዳሜ እሷም ትመጣለች፤ ባሏ ለሰጠው ዘንግ ቅርብ ልሁን ስላለች ከፊት አስቀምጣታለሁ። አጠገቧ አንድ ቦታ አስቀርቼልሃለሁ፤ ወንበር አይደለም፣ አግዳሚ ነው።