በጊታር ቅኝት የተቃኘው ማንዶሊን

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፤ አንቺን ታቅፌ ስንት ሸሚዝ እንደራሰብኝ ስለማስታውስ «ለማከብርሽ» የሚለው ይቅርብኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጥርስሽን አስነቀልሽ ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት በር ደርሰሽ ትመለሻለሽ? የእናትሽ ጉልበትስ ተሻለው? ሳቁ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ባልሽስ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤን የሚያመኝ ፍሪጅ ሳነሳ ብቻ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ፍሪጅ መጠገን ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ ማንዶሊንን በአንድ ሳምንት ለመድኩት ብዬ አፌን ሞልቼ ጽፌልሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ከሱቄ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ በልጅነትሽ የፊት ፀጉርሽን አጣሞ ቆርጦ ያስለቀሰሽ ጓደኛዬ፣ አምና ታሞ ግራ እጁ ደከመበት። ሐኪሟ ጣቶችህን በየቀኑ ካላሠራሃቸው አይመለሱም ስላለችው፣ ባለቤቱ የስፖንጅ ኳስ ታስጨምቀዋለች። የልጁ ሰርግ ሲቃረብ ማንዶሊኑን ይዞልኝ መጣና፣ ልጄ ስትገባ ልጫወትላት ያሰብኩትን ዜማ አንተ ተጫወትልኝ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ጊታር የተጫወትኩ፣ ያውም ማንም ሳያስተምረኝ፣ ይህች የማንኪያ ታናሽ እህት ምን ታቅተኛለች ብዬ ተቀበልኩት።

ማንዶሊን ስምንት ክር አለው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደ መንታ ተጠጋግተው የተወጠሩ። አንገቱ ከመቅጠኑ የተነሳ ጣቴ አንዱን ሲጫን ጎረቤቱንም ይረግጣል። የባሰው ግን ቅኝቱ ነው፤ ከጊታር ጋር አይገናኝም። ጣቶቼ በለመዱት መንገድ ሲሄዱ የሚወጣው ድምፅ ሊሞት የተቃረበ ፍሪጅ ይመስላል። በሰባተኛው ቀን መላ ዘየድኩ፤ ቁልፎቹን አዟዙሬ ማንዶሊኑን በጊታር ቅኝት ቃኘሁት። ሁለት ክር ቢበጠስብኝም ጣቶቼ ቤታቸው ገቡ። ላንቺም የጻፍኩት የዚያን ዕለት ነው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጓደኛዬ መጣ። ዜማውን ተጫወትኩለት፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ከታመመ ወዲህ ማንዶሊን ሊጫወት ሲሞክር የመጀመሪያው ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አስቀመጠና መታ፤ የወጣው ሌላ ድምፅ ነው። ደገመው፤ ያው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅኝቱን ወዲያው ይነቃበት ነበር፤ ያን ቀን ግን የጠረጠረው እጁን ነው። ማንዶሊኑን ጭኔ ላይ መለሰና፣ «በቃ፣ ጣቶቼ ሄደዋል፤ ለአንተ ይሁን» ብሎኝ ወጣ። ማጭበርበሬ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ እውነቱን ሳልነግረው ሸኘሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱ መጥታ፣ ኳሷን ቆሻሻ ውስጥ ጣላት፤ ሐኪሟ ጋም አልሄድም ብሏል ስትለኝ፣ ማንዶሊኑን ታቅፌ መንገዱን ተሻገርኩ። ባልደረባው ደንበኛ እየላጨ እሱ ጥግ ተቀምጧል። በሰው ፊት፣ ጥፋቱ የእጅህ አይደለም፤ እኔ ነኝ በጊታር ቅኝት ያበላሸሁት አልኩት። ከዚያ የወረደብኝን ስድብ እናትሽ ስለምታነበው ሁሉንም አልጽፈውም። «አንተ የፍሪጅ ገናዥ! እኔ ሁለት ቀን ሙሉ እጄን ቀብሬ ለቅሶ ተቀምጫለሁ!» አለኝ፤ ደንበኛው ከነሳሙናው ሳቀ።

እየተሳደበ በቀኝ እጁ ቁልፎቹን ራሱ አስተካከለ። ከዚያ ግራ እጁን አስቀምጦ መታ። አራት ድምፅ በትክክል ወጣ። አምስተኛዋ ተሳሳተች። እኔ እጄን ወደ ቁልፎቹ ሰደድኩ። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና፣ «ይቺኛዋ የራሴ ናት፤ እንዳትነካብኝ» አለኝ።

አሁን በየማለዳው ከሀ ጀምሮ ያስተምረኛል፤ ስሳሳት ጣቴን በማበጠሪያ ይመታኛል። ሰርጉ የዛሬ ሳምንት ነው። ከመጀመሪያው እሱ የቻለውን ያህል፣ የቀረውን እኔ ልንጫወት ተስማምተናል። ትናንት አሥራ አንደኛዋ ድምፅ ላይ ደርሷል። እሱ አንድ በጨመረ ቁጥር የእኔ ድርሻ አንድ ይቀንሳል፤ እንዲህ ተደስቼ ከሥራ ተባርሬ አላውቅም።

እናትሽን ግንባሯን ሳሚልኝ። ባልሽን ትከሻውን መታ አድርጊልኝ፤ ጠንከር ቢል አልቀየምም። ትልቁ ልጅሽ ለደብዳቤዬ መልስ ለመጻፍ ሰነፍ ነውና ጆሮውን ያዝ አድርጊው፤ ትንሿን ግን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ
ከፍሪጅ ጥገና ሱቁ፣ የካቲት ፲፬ ቀን